ለትንንሽ ሸቀጦች ቀላል ሣጥን ስለ መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ውስጥ ሣጥን እየቆረጥሁና እያጠፍሁ ያወቅሁትን ለምትጠይቁኝ ሁሉ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ አደራ አለኝ፦ ያልታተመ ባዶ ናሙና አሠርታችሁ፣ ዕቃችሁን አስገብታችሁ ሳትሞክሩ ኅትመት አትዘዙ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ በእጄ የምሠራው ሳሙና 100 ግራም ይመዝናል። ማተሚያ ቤቱ 400 ግራም ወረቀት ካልሆነ አይጠነክርም አለኝ። 300 ግራሙ አይበቃኝም?

መልስ፦ ይበቃዎታል፣ እህቴ። 300 ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። የሳሙናዎ ሣጥን ተዘርግቶ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ300 ግራሙ 12 ግራም፣ በ400 ግራሙ ደግሞ 16 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ በ1,000 ሣጥን ላይ 4 ኪሎ ወረቀት በከንቱ ይከፍላሉ ማለት ነው።

እኔን ከግራሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የወረቀቱ ጭረት፣ ማለትም ወረቀቱ የተሠራበት ደቃቅ ቃጫ፣ የተኛበት አቅጣጫ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ አብዛኛው ጭረት ማሽኑ በሚሮጥበት አቅጣጫ ስለሚተኛ፣ ወረቀቱ በዚያ በኩል ግትር፣ በሌላው በኩል ልል ይሆናል። ቆሞ ለሚሸጥ ሣጥን ጭረቱ እንደ መቀነት አራቱን ጎኖች መዞር አለበት። አንድ ጊዜ የሻማ ሣጥኖች በ350 ግራም ወረቀት ተሠርተው ሳለ ጎናቸው እንደ ሆድ ተነፍቶ መጡልኝ፤ አንዱን ፈትቼ ብመለከተው ጭረቱ ከላይ ወደ ታች ቆሟል። ለመለየት ከአንዱ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጮች፣ አንዱን በቁመቱ፣ ሌላውን በወርዱ፣ 2 በ20 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡና ጫፋቸውን ጎን ለጎን ይያዙ። ይበልጥ የሚጎነበሰው ጭረቱን አቋርጦ የተቆረጠው ነው። ይህን ባዶው ናሙና ላይ ያረጋግጡ፤ ከታተመ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ከቡሬ፦ ጥሩ ሣጥን ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ምን ሊገባበት? ስንት ፍሬ? በስንት ቀለም? እነዚህን ሳይነግሩኝ ልመልስልዎ አልችልም። የመቁረጫ ቅርጹ (ወረቀቱ በሣጥኑ ልክ የሚቆረጥበት መሣሪያ) ወጪ ለ100ም ሆነ ለ5,000 ሣጥን አንድ ስለሆነ፣ ብዛቱን ሳያውቅ ዋጋ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ግማሽ ኪሎ ማር በጠርሙስ ለመሸጥ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ማር ከውኃ 1.4 እጥፍ ያህል ይከብዳልና ተራ የወረቀት ሣጥን አያምኑበት፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን፣ በመካከሉ እንደ ሞገድ የታጠፈ ወረቀት የተዘረጋበትን ስስ ካርቶን ይምረጡ። ልኩን ሲሰጡ የውስጡን ይስጡ፣ ጠርሙሱንም ከነክዳኑ ይለኩ። የውጩን ልክ ከሰጡ የሁለቱ ግድግዳዎች ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ይወስድብዎታል፤ ጠርሙሱም አይገባም። ባዶ ናሙና ያልሁት ለዚህ ነው።

ከደጀን፦ የዓባይን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቅ ሰው ስለ ቀጭን ወረቀት አይመክርም። ወደ አዲስ አበባ የላክሁት ዕቃ ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ ተጨፍልቋል።

ከዳንግላ፦ ወንድሜ፣ የውጭው ካርቶን ክፍተት ስለነበረው ይሆናል እንጂ ቀጭኑ ሣጥን ምን አደረገ?

ከደጀን፦ ክፍተቱንማ በጋዜጣ ሞልቼው ነበር። ሹፌሩም አደራ ተብሏል።

መልስ፦ ወደ ሹፌሩ አንሂድ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ሣጥን የመንገዱን ጫና እንዲሸከም አልተሠራም፤ የሚሸከመው የውጭው ካርቶን ነው። የካርቶን ጉልበት ያለው በማዕዘኖቹ ላይ ስለሆነ፣ ስትደረድሩ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይዋል፤ እንደ ግንብ እያፈራረቃችሁ ከደረደራችሁት የታችኛው ይጎብጣል። ጋዜጣም ሲጫን ይታመቃልና ሣጥኖቹ ራሳቸው ካርቶኑን ጥቅጥቅ አድርገው እንዲሞሉት ልኩን አስቀድማችሁ አስቡ።

ከዘጌ፦ የተቆላ ቡና በሣጥን ብቻ ቢታሸግስ?

መልስ፦ አይሆንም። ወረቀት አየርና እርጥበት ያስገባልና ቡናው በውስጥ ከረጢት ይታሸግ።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ ለትንሽ ዕቃ ስንት ግራም ወረቀት ይሻላል?

መልስ፦ ለደብረ ማርቆሷ እህት የመለስሁትን ከላይ ያንብቡ። «ትንሽ ዕቃ» ማለት ጉትቻም፣ የብረት ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ዕቃዎን መዝነውና ለክተው ይመለሱ።

ከእንጅባራ፦ ሣጥኑን በክረምት ባሠራስ? ቀለሙስ ምን ቢሆን ይመክራሉ?

መልስ፦ ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ስቦ ይለሰልሳልና ካርቶኖቹን ከሲሚንቶው ወለል በጣውላ ያንሡ፣ ከግድግዳውም ያርቁ። ስለ ቀለም ምርጫ የሥዕል ባለሙያ ይጠይቁ።