ሪስሊንግዎ ላምባ ላምባ ቢሸትዎት አይድፉት

ጠያቂያችን «ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ጠባዩ ምን ይመስላል? የየት አገሩን ገዝቼ ላቆይ?» ብለዋል። ለማቆየት መሆኑን ሳነብ ልቤ ደነገጠ፤ እኔም የተቃጠልኩት በዚሁ ነው።

1. የአልኮል መጠኑን ያንብቡ። ከጀርመኑ ሞዝል ሸለቆ የመጣ ሆኖ 8 በመቶ ከሆነ ጣፋጭ ነው፤ ስኳሩ በከፊል ሳይብላላ ቀርቷል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ነው። «ሽፔትሌዘ» የሚለው ቃል አያታልልዎ፤ የሚናገረው ፍሬው ሲለቀም ስለነበረው ብስለት ነው። «ትሮከን» ከታከለበት ደረቅ ነው።

2. «ቬልሽሪስሊንግ» የሚል ካዩ ይለፉት። ስም ቢጋሩም ዘራቸው ለየቅል ነው።

3. ሽታው። ከደቡብ አውስትራሊያ ክሌር ሸለቆ የመጣ ደረቅ ሪስሊንግ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ስድስት ዓመት ጨለማ ቦታ አስቀመጥኩ። ሲገዛ ሎሚ ሎሚ ይል የነበረው፣ ስከፍተው ላምባ ሆኖ ጠበቀኝ። ተበላሸ ብዬ ሁለቱን ደፋሁ፤ አሥሩን ተሸክሜ ወደ ሻጩ ሄድኩ። አንዱን ከፍቶ አሸተተ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ለደንበኝነትዎ ስል በግማሽ ዋጋ ልውሰደው» አለኝ። እኔ ሞኙ አመስግኜው ወጣሁ!

ያ ሽታ ለካ ብልሽት ኖሮ አያውቅም። በፍሬው ውስጥ ያሉት ካሮቲኖይዶች የሚባሉ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች ሲፈራርሱ የሚፈጠር፣ በጠርሙስ ውስጥ ዓመት በቆየ ቁጥር የሚጎላ ነገር ነው። ፀሐይ በበዛበት ፍሬ ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ የአውስትራሊያዎቹ ክሌርና ኤደን ሸለቆዎች ከቀዝቃዛው ሞዝል ቀድመው ያሳዩታል። ዕድሜውን ሙሉ የወይን ጠጅ የሸጠ ሰው ይህን አያውቅም አትበሉኝ። ዛሬ ዓይኔን ሸፍናችሁ ብታቀርቡልኝ በጠረኑ ብቻ እለየዋለሁ፤ ትምህርቱን በአሥር ጠርሙስ ከፍዬበታለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሪስሊንግን የሚያቆየው ኮምጣጣነቱ ነው። ፍሬው ዘግይቶ ስለሚበስል ሞዝል ላይ በፀሐይ የሚግሉት ጥቁር የድንጋይ ቁልቁለቶች ያግዙታል፤ የዚያ አገሩ ቀለል ያለና አበባ አበባ የሚል ነው። የፈረንሳዩ አልዛስና የኦስትሪያው ቫካው ሞላ ያለ ደረቅ ያወጣሉ፤ ለማቆየት እኔ እነዚህን አስቀድማለሁ። ላምባውን ከወደዱት ክሌር።

የሻገተ እርጥብ ካርቶን ከሸተተዎት ግን ያ የቡሽ ጣጣ ነው፤ ይመልሱት፣ ሙሉ ዋጋዎን ሳይቀበሉም ከደጃፉ አይውጡ።