ጥያቄና መልስ፦ በጥቂት ገንዘብ ያገለገለ መኪና ለምትገዙ

መኪና ስር ተኝቼ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ለራሴ የገዛኋቸውም ሁሉ ያገለገሉ ናቸው። አንዱ ጉድ ሠርቶኛል፤ እሱን ከታች አወራችኋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ያለኝ ገንዘብ ጥቂት ነው። ሁሉንም አውጥቼ ሻል ያለውን ልግዛ?

ሁሉንም እንዳታወጣ። ከአምስት እጅ አንዱን ለይተህ አስቀምጥ። መኪናው እጅህ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባትም ባትሪና ጎማ ይጠይቅሃል። ሊሸጥ ያሰበ ሰው እነዚህን አይቀይርም። አንተም ብትሆን አትቀይርም።

ጥያቄ፦ የማይበላሸው የትኛው ነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ።

የማይበላሽ የለም። ግን ቀለል ያለ ሞተር ያለውና መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ ይሻልሻል። ቶዮታ ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየተመረተ ነው፤ መካኒክ ሁሉ እጁን ያፍታታበት መኪና ነው። ያሪስ፣ ሆንዳ ሲቪክ፣ ሱዙኪ ስዊፍትም አይከፉም። ችግሩ፣ ስም ያለው መኪና ለስሙም ያስከፍላል። የተጎሳቆለ ኮሮላ ከምትገዢ፣ ብዙም የማይወራለት ግን በደንብ የተያዘ መኪና ብትገዢ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያረጀ የቅንጦት መኪና በርካሽ ስታገኚ ልብሽ አይነሳ። የመኪናው ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አልወረደም።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዱ 80 ሺህ ኪሎሜትር የሄደ ነው፣ ምንም ሰነድ የለውም። ሌላው 180 ሺህ ሄዷል፣ ግን ባለቤቱ ዘይት የቀየረበትን ሁሉ መዝግቦ ይዟል። የቱን?

ሁለተኛውን አስቀድመህ እይ። ኪሎሜትር ቆጣሪ ወደኋላ ይመለሳል፤ ዲጂታል ሲሆን ደግሞ በኮምፒውተር ጥቂት ደቂቃ ነው። ፔዳል ግን አይዋሽም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እይ። ጫፉ ተበልቶ ለስልሶ፣ መሪው አብለጭልጮ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ተቀዶ ሳለ ቆጣሪው 80 ሺህ ካለህ አትመነው። ፔዳሉ ብቻ አዲስ ከሆነ ደግሞ ለምን ተቀየረ ብለህ ጠይቅ።

ጎማውንም ገልብጠህ አንብብ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ገና የሚቀየር ብለህ ሒሳብ ውስጥ አስገባው።

ጥያቄ፦ መካኒክ ይዤ ከመሄዴ በፊት ራሴ ምን ልይ?

ከሁሉ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩን «እኔ ሳልመጣ አታስነሳው» በለው። ስትደርስ ኮፈኑ ላይ መዳፍህን አሳርፍ። ከሞቀ ቅር ይበልህ።

እኔን የሸወደኝ እዚህ ላይ ነው። ስደርስ መኪናው እየሠራ ነበር። ሻጩ «አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው» አለኝ። ድምፁ ጸጥ ያለ፣ ጭስ የሚባል የለ። መካኒክ ነኝ ብዬ እየተኩራራሁ ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳው ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። የቫልቩ የዘይት ማኅተም (ዘይት ወደሚነድበት ክፍል እንዳይገባ የሚያግደው ጎማ) አልቆ ሌሊቱን ዘይት ሲንጠባጠብ አድሯል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ጭሱ ይጠፋል።

ስለዚህ በቀዝቃዛው አስነሳና ከኋላ ቁም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ነዳጅ በዝቷል። ወፍራም ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ነገር ከሸተተህ የራዲያተር ውኃ ሞተር ውስጥ እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ተወው። በብርድ ጠዋት ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ስስ እንፋሎት ግን ምንም አይደል።

ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ስትከፍት የቼክ ኢንጂን መብራት (የሞተር ችግር የሚያሳውቀው) ሊበራ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ ተቃጥሏል፣ ወይም አንድ ሰው ነቅሎታል።

ቦዲውን በፀሐይ ብርሃን እየው። በበርና በፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ) መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል ነው? የኮፈኑ ብሎኖች ቀለማቸው ተፍቋል? ከተፋቀ ተፈትቶ ያውቃል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ላሜራው ላይ አስኪደው፤ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላበት ማጣበቂያ) ያለበት ቦታ አይይዝም። ፕላስቲክና አሉሚኒየምም አይይዙም፤ ስለዚህ ተረጋግተህ ፍረድ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ከውስጥ የጭቃ ምልክት ካለው ጎርፍ የገባበት መኪና ነውና በሩን ዘግተህ ሂድ።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ ራሱ የሚቀይር) ያስፈራኛል። ልክ ነኝ?

በከፊል። ፍሬኑን ረግጠሽ ማርሹን ከአር (ከኋላ ማርሽ) ወደ ዲ (ወደፊት) ቀይሪ። ዘግይቶ ከያዘ ወይም «ዷ» ብሎ ከመታሽ ይቅርብሽ። ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ። «ይኼ የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» የሚልሽን አትስሚ። ማንዋል ከሆነ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄድሽ ነዳጅ ስጪው። ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው) አልቋል።

ጥያቄ፦ ታይሚንግ ቺንጋ ምንድን ነው? ሁሉም ያስፈራራኛል።

የሞተሩን የላይና የታች እንቅስቃሴ የሚያስተካክል የጎማ ቀበቶ ነው። ብዙዎቹ በ100 ሺህ ኪሎሜትር አካባቢ ይቀየራሉ፤ ልኩ ግን የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። በቀበቶው ፋንታ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ያለው ሞተር ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግን ዘይት ካላገኘ ይላላል፣ በቀዝቃዛው ሲነሳም ይንኳኳል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፕሪየስስ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው ቶዮታ)?

ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተሩም ጠንካራ ነው። የትልቁን ባትሪ ጤና በመሣሪያ ሳታስለካ ግን አትንካው። ለባትሪው አየር የሚስበው ቀዳዳ ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው። በአቧራ ከታፈነ ባትሪው በሙቀት ሲሰቃይ ኖሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ወስን» ይለኛል።

ይምጣና ይውሰደው።

ጥያቄ፦ የ80 ሺህና የ180 ሺህ ጠያቂው ነኝ። ባለ መዝገቡን ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ፔዳሉ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ከመዝገቡ ጋር ይሄዳል። ግን ኮፈኑ ሞቆ ነበር። «ልጅ ትምህርት ቤት አድርሼ መጣሁ» አለኝ።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ልጅ ያለው ሰው ጠዋት መኪና ያስነሳል። ዛሬ አትክፈል፤ ግን አትጣላው። ትምህርት በሌለበት ቀን ማልደህ እንደምትመጣና ሞተሩን ራስህ እንደምታስነሳው ንገረው። እሺ ካለ መካኒክህን ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ የሚያመጣልህን ሳይሆን አንተ የምትከፍለውን። ያን ቀንም ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቀህ፣ ቁልፉን መልስለትና ወደ ቤትህ ተመለስ።