ጎማውን አሸዋው ሳይጀምር አስተንፍሱ

በመኪና በረሃ ለመግባት ለምትሰናዱ ወጣቶች፣

30 ዓመት ያህል በቅየሳ ሥራ ከበረሃ በረሃ ዞሬአለሁ። ከመኪና ሥር አሸዋ ስዝቅ ያደርኩበትም ሌሊት አለ። አብዛኛውን ጣጣ ያመጣሁት ራሴ ነኝ፣ «ቆይ፣ ትንሽ እንሂድ» እያልኩ።

አንዱን ልንገራችሁ። ከፊታችን 200 ሜትር የማይሞላ አሸዋ ነበር። ረዳቴ «ጎማውን እናስተንፍሰው እንዴ?» አለኝ። «ለዚህች?» ብዬ ነዳሁት። መሃል ላይ መኪናው ሲከብደኝ ነዳጅ ረገጥኩ። ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ራሱን ቀበረ። ክሪክ ብንተክል እሱም ሰመጠ፤ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ አልያዝንም። እስከ ማግስቱ አካፋ ጨበጥን። ማስተንፈሱ እኮ 10 ደቂቃ ነበር።

አየር ሲጎድል ጎማው ይለጠጥና አሸዋውን የሚነካው ገጽ ይረዝማል። ክብደቱ ስለሚሰራጭ ቶሎ አይሰምጥም። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚሞላውን ጎማ ለልል አሸዋ ወደ 18 ማውረድ የተለመደ ነው። ያኔ ግን በዝግታ ንዱ፤ መሪ በድንገት ብትጠመዝዙ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ጠንካራ መንገድ ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉት።

ብልሃቱ የእኔ አይደለም። እንግሊዛዊው የጦር መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪና ሲያስስ ይህንኑ ያደርግ ነበር። ከራዲያተሩ የሚወጣውን እንፋሎት ሳይቀር በቱቦ ወደ ጣሳ ወስዶ፣ ውሃ ሲሆን መልሶ ይጠቀምበታል። ለሞተር ውሃ እንኳ እንዲህ ይሳሳል!

እናንተ ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያዙ፤ ሐሩር ከሆነ ጨምሩ። በተለያየ ጀሪካን ይሁን፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ። ግማሹ ሳያልቅ ተመለሱ።

ማደሪያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምረጡ። ዓይናችሁ ደረቅ ወንዝ ላይ ያርፋል፤ ሜዳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከነፋስም ይከልላል። እዚያ አትደሩ። እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ሩቅ ተራራ ላይ ይዘንብና ደራሽ ውሃ ከነድንኳናችሁ ይጠርጋችኋል። ብርድ ልብስም አትናቁ። ደመናና እርጥበት ስለሌለ ቀን ያቃጠላችሁ አሸዋ ሌሊት ያንቀጠቅጣችኋል። ጠዋት ጫማ ሳታራግፉ አታጥልቁ። (ጊንጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ያበራል። ይህን በሞከርኩበት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።)

መኪናው ከተበላሸ ጥላችሁት በእግር አትሂዱ። ከአየር ላይ ሰው ነጥብ ነው፤ መኪና ግን ይታያል፣ ጥላም ይሆናል። ፈላጊ እንዲኖራችሁ ግን መስመራችሁንና የመመለሻ ቀናችሁን ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። እኔ ለባለቤቴ ወረቀት ትቼ እወጣ ነበር፤ ከቀኔ ካለፍኩ የምትደውልበት ቁጥር ከታች አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት የደወለችው አንዴ ብቻ ነው። ያኔ እኔ አካፋዬን ይዤ አሸዋው መሃል ነበርኩ።