ፍርዱን አታስቀድሙ

ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

እዚሁ ሜሪላንድ ለ8ኛ ክፍል ልጆች ታሪክና ሕገ መንግሥት ሳስተምር ነው ያረጀሁት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየውን አንድ ጉዳይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «ማካሎክና ሜሪላንድ፣ 1819፣ ፌደራል መንግሥቱ ረታ» ብዬ እጽፍ ነበር። ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። ፍርዱን ቀድሜ ስለምነግራቸው የሚያስቡበት ነገር አይተርፍላቸውም ነበር።

ከሰውየው ጀምሩ። ጄምስ ማካሎክ ኮንግረስ በ1816 ያቋቋመው ባንክ የባልቲሞር ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ነበር። በ1818 ሜሪላንድ «እኔ ያላቋቋምኩት ባንክ የገንዘብ ኖት የሚያወጣው የቴምብር ቀረጥ በተከፈለበት ወረቀት ነው፣ ካልሆነ በዓመት 15,000 ዶላር ይክፈል» አለች። ማካሎክ ቴምብር በሌለው ወረቀት ኖት አወጣና ተከሰሰ። እዚህ ላይ አቁሙ። ሕገ መንግሥቱን አድሏቸውና «ባንክ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። አያገኙትም። ያኔ «ኮንግረስ ባንክ የማቋቋም ሥልጣን የለውም» የሚለው የሜሪላንድ ክርክር ተራ ክርክር እንዳልነበረ ይገባቸዋል። የተረታውን ወገን ያላከበረ ልጅ የረታውን አይረዳም፤ በዚህ አልደራደርም።

ከዚያ ኮንግረስ ለሥራው «አስፈላጊና ተገቢ» ሕግ ያወጣል የሚለውን አንቀጽ አንብቡላቸው። አንድ ዓመት ከእኛው ልጆች አንዷ እጇን አውጥታ «ይሄ ‹አስፈላጊ› እናቴ የግድ ነው የምትለው ዓይነት ነው ወይስ ያስፈልጋል የምትለው?» አለችኝ። ጠበቆቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ዘጠኝ ቀን ሲሟገቱ ከተነታረኩባቸው ዋና ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር! ሜሪላንድ የግድ ነው አለች። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ደግሞ ለሥራው የሚበጅ ከሆነ ይበቃል አሉ፤ ግብር የመጣል ሥልጣን የማጥፋት ሥልጣንን ይጨምራልና ሜሪላንድ የፌደራሉን ባንክ ግብር ልታስከፍል አትችልም ብለውም ወሰኑ።

ልጆቹ ግን ፌደራሉ ሁልጊዜ ይረታል ብለው እንዳይወጡ የሎፔዝን ጉዳይ ጨምሩ። በቴክሳስ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሽጉጥ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። በ1995 ፍርድ ቤቱ ተማሪው የተከሰሰበትን የፌደራል ሕግ 5 ለ4 ሻረው፤ ኮንግረስ ለሕጉ የተመካበት ሥልጣን የግዛቶችን የእርስ በርስ ንግድ መቆጣጠር ነው፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ሽጉጥ መያዝ ንግድ አይደለም ብሎ። ልጆቹ ይቆጣሉ። ቴክሳስም የራሷ ከልካይ ሕግ እንደነበራት ንገሯቸው፤ ክርክሩ ከልካዩ ማን ይሁን የሚል ነበር። አሁንም ያልተዋጠለት ልጅ ካለ፣ በልዩነት የወጡትን የአራቱን ዳኞች ሐሳብ ቤቱ ወስዶ ያንብብ።