«የኛ ዕድሜ ወንድ እያለቀ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ባለፈው ሳምንት ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምን ሳለ አንድ ጎረቤቴ «የኛ ዕድሜ ወንድ እያለቀ ነው እኮ። ድሮ በ50 ዓመቱ የሚሞት ማን ነበር?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ፤ ለቅሶ ቤት ቁጥር አይወራበትም። ግን 30 ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ቁጥር መደመርና ማካፈል ነበር፣ ከጡረታ ወዲህም የሰፈራችን ቅሬ (እድር ማለት ነው) ጸሐፊ ነኝ። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ማታውን እዚህ ጻፍኩትና «ጠይቁኝ» አልኩ። ጠየቃችሁኝ፣ ያውም በብዛት።

ጋሼ፣ ምን ያስጨንቃል? የቅሬው መዝገብ እጅዎ ላይ ነው። ቆጥረው አይነግሩንም? (ከሆጤ)

መዝገቡማ አለ። ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ጥራዝ ነው፣ ግማሹ በቀድሞው ጸሐፊ እጅ የተጻፈ። ችግሩ ሟቹን እንጂ ያልሞተውን አይመዘግብም። ቅሬው ከ100 ቤት ወደ 200 ቤት ካደገ ቀብሩም እጥፍ ይሆናል፤ ይሄ ሰው በዛ ማለት ነው እንጂ ሞት በዛ ማለት አይደለም። የሞት መጠን ማለት በዚያ ዕድሜ ካሉት 1,000 ወንዶች በዓመት ስንቱ ሞተ ማለት ነው። የላይኛውን ቁጥር አውቃለሁ። የታችኛውን ከየት ላምጣ? የኛ መዝገብ የሚቆጥረው ቤት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የ50 ዓመት ወንድ ስንት እንዳለ ማንም ጽፎት አያውቅም።

ታዲያ የሕዝብ ቆጠራ አለ አይደል?

የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በ1987፣ ከዚያም በፊት በ1976። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ሞትን በወሳኝ ኩነት መመዝገብ በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ ከአባቶቻችን ዘመን ጋር ላወዳድር የሚል ሰው መነሻው ላይ ብዙ የሚይዘው የለውም።

እሺ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ተገኙ እንበል። ከ45 እስከ 54 ዓመት ያሉትን ወንዶች ወስደን የዛሬ 10 ዓመትን ከዘንድሮ ብናወዳድር አለቀ፣ አይደለም? (ከኮምቦልቻ)

አላለቀም ወንድሜ። ጎረቤቴ ሲናገር ዝም ያልኩትም በዚህ የተነሳ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ።

45 እና 54 አንድ አይደሉም። ሰው ከ30ዎቹ ካለፈ በኋላ የመሞት ዕድሉ በየዓመቱ ይጨምራል። መረጃ በደንብ በሚያዝባቸው አገሮች በግምት በየ8 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ከ45 እስከ 54» የሚለው ከረጢት ውስጥ ማን በዛ? ወጣቱ ወይስ ትልቁ? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ቁጥር እንፍጠር። ከ45 እስከ 49 ካሉት 1,000 ወንዶች በዓመት 6 ይሞታሉ እንበል። ከ50 እስከ 54 ካሉት ደግሞ 9። የዛሬ 10 ዓመት ከረጢቱ ውስጥ 600 ወጣቶችና 400 ትልልቆች ነበሩ። ሂሳቡ 3.6 እና 3.6፣ ድምር 7.2 ከ1,000። ዘንድሮ ተገለባብጦ 400 ወጣቶችና 600 ትልልቆች ሆኑ። 2.4 እና 5.4፣ ድምር 7.8። አየህ? ከ7.2 ወደ 7.8። ጋዜጠኛ ቢያገኘው «የጎልማሶች ሞት በ8 በመቶ ጨመረ» ብሎ ያወጣዋል። ግን የአንድም ዕድሜ የሞት መጠን አልተነቃነቀም። 6 ያው 6 ነው፣ 9ኙም ያው 9። የተለወጠው ከረጢቱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለሁለቱም ዓመታት አንድ ዓይነት ከረጢት አስብ፣ 500 እና 500። ያኔም 7.5፣ ዘንድሮም 7.5። ይሄን ዕድሜ ማስተካከል ይሉታል።

ይሄ የወረቀት ጨዋታ ነው እንጂ በእውነተኛው ዓለም ያጋጥማል?

አጋጥሟል፣ ያውም በትልልቆቹ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤን ኬዝ እና አንገስ ዲተን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ከ45 እስከ 54 ዓመት ያሉ ነጭ አሜሪካውያን የሞት መጠን ከ1999 እስከ 2013 ጨምሯል ብለው ጻፉ። ዲተን በዚያው ሰሞን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰውዬ ነው። ዓለም ተንጫጫ። ከዚያ አንድሩ ጌልማን የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው ቀስ ብሎ አንድ ነገር አነሳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጅ ተወልዶ ነበር። ያ ትውልድ በከረጢቱ ውስጥ እያለፈ ስለነበር የከረጢቱ አማካይ ዕድሜ በግማሽ ዓመት ገደማ ከፍ ብሏል። ግማሽ ዓመት ምን አላት እንዳትሉኝ፤ በየ8 ዓመቱ እጥፍ በሚሆን ነገር ላይ ግማሽ ዓመት ወደ 4 በመቶ ጭማሪ ናት። ተጨመረ ከተባለው አብዛኛውን ዋጠችው።

እና የኖቤሉ ሰውዬ ተሳሳተ ነው የሚሉን?

ኧረ አይደለም። ሲስተካከልም ዋናው ነገር ቆሟል። በሌሎች ሀብታም አገሮች የዚህ ዕድሜ ሞት እየቀነሰ ሳለ አሜሪካ ውስጥ አልቀነሰም። አደንዛዥ ዕፅ፣ መጠጥ፣ ራስን ማጥፋት፣ እነሱ ያነሷቸው ምክንያቶች እውነተኛ ናቸው። የወደቀው «እየጨመረ ነው» የሚለው ቃል ነው፤ «መቀነስ ሲገባው አልቀነሰም» ቢሉ ይበልጥ ልክ ይሆን ነበር። ደግሞ ወንድና ሴት ሲለያዩ ሌላ መልክ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ መጨመሩን የቀጠለው የሴቶቹ ነው፣ የወንዶቹ አይደለም። ሁሉም ስለ ወንዶቹ ነበር የሚያወራው!

እኛ ወሎዎች ከአሜሪካ ከረጢት ጋር ምን አገናኘን? (ከሰኞ ገበያ)

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እነሱ ብዙ የተወለደበት ዘመን አላቸው። እኛ ጥቂት የተወለደበት አለን።

የ1965 እና የ66ን ድርቅ አስቢ። በረሃብ ዓመት የሚፀነሰው ያንሳል፣ ከተወለደውም የሚተርፈው ያንሳል። ይሄ የትም ያለ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ እጅግ ከባድ ነበር። ስለዚህ በወሎ የዕድሜ ሰልፍ ውስጥ ክፍተት አለ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ። ያ ክፍተት ከእኛ ጋር አብሮ እያረጀ ይሄዳል። የ1966 ልጅ በ2011 45 ዓመት ሞላው። ያኔ ክፍተቱ በከረጢቱ ወጣት ጫፍ ገባ። ወጣቱ ሲሳሳ ከረጢቱ ያረጀ ይመስላል፣ ሞትም የጨመረ ይመስላል። በ2020 ደግሞ 54 ይሞላዋል። ያኔ ክፍተቱ ትልቁ ጫፍ ላይ ነው፤ ሞት የቀነሰ ይመስላል። ማንም አልዳነም፣ ማንም አልታመመም። ከኋላ ደግሞ የ1977ቱ ክፍተት ይከተላል፣ በ2022 ወደ ከረጢቱ ይገባል። የኛን አካባቢ ሞት የሚያጠና ሰው ዕድሜን በአንድ በአንድ ዓመት ካልለየ የሚያወጣው የድርቁን ጥላ ነው።

ዕድሜ በአንድ በአንድ ዓመት? ማን ዕድሜውን ያውቃል ጋሼ?

ሃሃ፣ ገደልከኝ። ሰማያዊውን ጥራዝ ገለጥ ሳደርግ የዕድሜው ዓምድ ምን ይላል መሰለህ? 50። 50። 60። «ወደ 50»። 45። «ጎልማሳ»። 47 የሚል ፈልጌ አጣሁ። ሰው በ5 እና በ10 ያጠጋጋል። የ43ቱ 45 ይባልና ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ የ53ቱም 55 ይባልና ይወጣል። በቆጠራ ጊዜ «ስንት ዓመትህ ነው?» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። «ደርግ ሲገባ ትምህርት ጀምረህ ነበር?» «በ66ቱ ድርቅ ተወልደህ ነበር?» እየተባለ ይወጣል። ለቅሬ ጸሐፊዎችም ይሠራል፣ ሞክሩት።

በኛ እድር አምና 2 ጎልማሳ ሞተ፣ ዘንድሮ 7። ይሄም ቀልድ ነው?

ቀልድስ አይደለም፣ ነፍስ ይማር። ግን በአማካይ በዓመት 4 የሚሞትበት እድር አንዳንዴ 2፣ አንዳንዴ 7 ማየቱ ያለ ነው። ለ10 ዓመት ደምረህ እየው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች ብዙም ሲሞቱ አይታዩም። ሥራ ያጠነክራል ማለት ነው?

ታሞ ፋብሪካ የሚገባ የለም። የጠናበት ደግሞ ወደ እናቱ አገር ይሄዳል፣ እዚያው ይቀበራል። ኮምቦልቻ ጤነኛውን ትቆጥራለች፣ ቀብሩን ገጠሩ ይቆጥራል። ዓረብ አገር የሄዱትንም ጨምርበት።

የጎልማሳ ሞት በእውነት ጨምሮ ወይም ቀንሶ አያውቅም?

ያውቃል እንጂ! በትክክል ሲለወጥ እንዲህ ያለ የዕድሜ ማስተካከያ አይሸፍነውም። ሩሲያን ተመልከት። የወንዶች አማካይ የመኖር ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 65 ዓመት ነበር፣ በ1994 ከ58 በታች ወረደ። በ7 ዓመት! መጠጡ ትልቅ እጅ ነበረው።

እኛ ጋ ደግሞ ኤች አይ ቪን አስታውስ። አዲስ አበባ ውስጥ በኛ አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ በየቀብር ቦታው ሟቾች ይመዘገቡ ነበር፣ ሞት የሚመዘግብ ሌላ ደህና ሥርዓት ስላልነበረ። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በፍጥነት ወረደ፤ ይሄ የታወቀው ከዚያው ከቀብር መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገባችንን አልናቅኩትም። ደግሞ ልብ በል፤ ከ1990ዎቹ ጋር ካወዳደርክ ዛሬ መልካም ነው ትላለህ። ጎረቤቴ ግን የሚያወዳድረው ከልጅነቱ ጋር ነው፤ ያኔ የ50 ዓመት ሰው ሲሞት ለእሱ ሽማግሌ ነበር የሞተው። አሁን እኩያው ነው።

እርስዎስ ጋሼ፣ ከረጢቱ ውስጥ ነዎት?

ወጥቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። መቼ እንደወጣሁ ግን ያከራክራል። እናቴ «በታኅሣሥ ግርግር ማግስት ወለድኩህ» ትል ነበር፤ ይሄ 1953 ነው። የትምህርት ቤት መዝገቤ 1956 ይላል። ጡረታ የወጣሁት በመዝገቡ ነው፣ 3 ዓመት ደሞዝ አተረፍኩ። ለቀጣዩ የቅሬ ጸሐፊ ግን በጥራዙ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፌለታለሁ፦ 1953።