ጫካ በሌለበት የጫካ ሰው ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከለገጣፎ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን፣ ሚና ተከፋፍለንና ዳይስ እየጣልን በአማርኛ የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለን። ፈረንጆቹ ድሩይድ የሚሉትን፣ ኃይሉን ከዛፍና ከአውሬ የሚያገኘውን ገጸ ባሕርይ ‹የጫካ ጠንቋይ› እንለው ነበር። አሁን ታሪኩን ወደ ጠፈር መርከብ ልናዛውረው ነው፤ እዚያ ጫካ ስለሌለ ስሙ አስቂኝ ሆነብን። ወደ ጅብ ስለሚለወጥ አንዱ ጓደኛችን ‹ቡዳ› እንበለው ይላል። ጭልፊት አስከትሎ ይዞር የነበረው አዳኛችንም አሁን የሚያበርረው ድሮን ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?»

መልስ፦ «የጫካ ጠንቋይ» ድሮም አልሆነላችሁም፤ የጠፈር መርከቡ ጉድለቱን አወጣው እንጂ። «ጫካ» የሰውየውን አድራሻ እንጂ ሙያውን አይነግረንም። «ጠንቋይ» ደግሞ ስለ ጠፋ በግና ስለ ባል ፍቅር የሚጠየቅ፣ ዋጋውንም የሚቀበል ሰው ነው፤ ከዛፍ ጋር የተለየ ጉዳይ የለውም።

ድሩይዶች በጥንት ምዕራብ አውሮፓ የኖሩት ኬልት የሚባሉ ሕዝቦች ካህናት ነበሩ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ኦክ በሚባለው ዛፍ ላይ የበቀለውን ተቀጽላ በወርቅ ማጭድ እንደሚቆርጡ ጽፎላቸዋል። እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ነገር ያቀብለናል። አብራም በኬብሮን ድንኳኑን የተከለበትን የመምሬን ዛፍ ብዙ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ኦክ ሲሉት፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ይለዋል።

አድባር በግእዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። መዝሙር 148 ላይ «አድባር ወኵሉ አውግር» እያለ ከኮረብቶች ጋር ለምስጋና ይጠራቸዋል። በአማርኛ አፍ ግን ቃሉ የቦታ ጠባቂ መንፈስ ሆነ። ግንዱ ቅቤ የተቀባ፣ ሥሩ ላይ ንፍሮና ቄጠማ የተበተነበት ዋርካ አይታችሁ ከሆነ አድባር አይታችኋል ማለት ነው። (በእናንተ በኩል ኮረብታውን የሞላው ባሕር ዛፍ አድባር ሲሆን አላየሁም፤ ለማገርና ለቋሚ ሊቆረጥ ቀን የሚቆጠርለትን ዛፍ ማን ይለማመነዋል?) ደግሞም ቃሉ በዛፍ ብቻ አይቀርም። ሰፈር ለለወጠ ሰው «አድባሩ ይቀበልህ» ይባላል፤ የተከበሩ አዛውንትም «የሰፈራችን አድባር» ይባላሉ። አድባር የሚጠብቀው ሰው የሚኖርበትን ቦታ ነው። ሰው የሚኖርበት ቦታ የብረት መርከብ ከሆነ፣ መርከቡም አድባር ይኖረዋል።

ስለዚህ «ባለአድባር» በሉት፤ እንደ «ባለዛር» እና እንደ «ባለውቃቢ» አንድ ላይ ተጽፎ። ቃሉ በአማርኛ ወግ የተሠራ ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።

በመርከቡ ላይ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በአሪዞና በረሃ የሆነውን ልጥቀስ። ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 በተባለ፣ ከውጭ አየር በተዘጋ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ የሚበሉትን እያበቀሉ ሁለት ዓመት ሊኖሩ ገቡ። ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ገደማ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደና ከውጭ ሊጨመርላቸው ግድ ሆነ። ኦክስጅኑን የበሉት በለም አፈሩ ውስጥ የነበሩ ረቂቃን ሕዋሳት ናቸው፤ የተነፈሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት እየመጠጠ ምስጢሩን ሸሸገው። የእናንተ ባለአድባር መሐንዲሶቹ ፓምፕ ሲፈቱ አፈሩን አሽትቶ ችግሩን የሚናገረው ሰው ነው። ዛፍ ከማነጋገር ይህ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

«ዕፅ» ከሚል ቃል ስም ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ተጠንቀቁ። በግእዝ ዛፍ ነው፤ «ዕፀ በለስ» ሲባልም ችግር የለበትም። ብቻውን ሲቆም ግን ጋዜጣው ለአደንዛዡ ወስዶታል፤ «ባለዕፅ» ካላችሁት ገጸ ባሕርያችሁን ፖሊስ ይፈልገዋል። «ቃልቻ»ንም ተዉት። ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ወገን የከበረ የእምነት ሥልጣን ሆኖ ሳለ በአማርኛ የንቀት ቃና ይዟል። ለገጣፎ ተቀምጦ ይህን ለጨዋታ ማዋል ጎረቤትን ማስቀየም ነው።

«ቡዳ» ከሁሉም የከፋው ነው። ቃሉ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪውና የሸማኔው ስድብ ነበር፤ በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ሲሸከሙት ኖረዋል። ባለእጅን በሥራው መስደብን ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ነገር ግን ጓደኛችሁ ሳያስበው ያነሳው ሐሳብ አለ። በዚያ እምነት ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ሰው ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውለው ነው፤ አውሬነትና የብረት ጥበብ በአንድ ሰው ላይ ያድራሉ። ተፈጥሮን የሚወድ ሁሉ ማሽን ይጠላል የሚለውን ልማድ ለማፍረስ ይህን ተጠቀሙበት፤ ስሙን ግን ተዉት።

በሕግ ወረቀታችሁ ላይ የገጸ ባሕርያቱን ዓይነት «መደብ» ካላችሁ «ሙያ» በሉት። «መደብ» ለእኔ ትውልድ የውይይት ክበብ ስብሰባ ያስታውሰዋል።

«አዳኝ» ወደፊትም ያገለግላችኋል፤ አነባበቡን ጠብቁ። «ዳ» ሲጠብቅ አውሬ የሚያድነው ነው፤ ሲላላ ከሞት የሚያተርፈው። ጽሑፉ አይለያቸውም፤ የጠፈር አዳኛችሁ ደግሞ የጠፉ መርከቦችን የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱንም መሆን ይችላል።

የድሮኑን ነገር ግሱ ይጨርስላችኋል። አማርኛ ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት ጾታ ይጠራል፤ ጭልፊቷን «ተመለሰች» ይል የነበረ አዳኝ ድሮኑንም «ተመለሰች፣ ደክሟታል፣ ባትሪዋን ሙሉልኝ» ይበል። የመርከቡ መሐንዲስ ስለዚያችው ድሮን ሲናገር «ተመለሰ፣ ባትሪው አልቋል» ይበል። የጠላት ድሮን ሲመጣ ግን አዳኙም «መጣ» ነው የሚለው።