ከዳሌ ስብራት በኋላ ሽንት ሲቀጥን

ሰላም። ታናሽ ወንድምህ በሞተር አደጋ ዳሌው ተሰብሮ፣ ካቴተሩ (ሽንት እንዲያወጣ የገባለት ቀጭን ጎማ) ከወጣለት በኋላ ሽንቱ እንደ ክር ቀጠነ ብለሃል። ይሄ «በጊዜ ይለቀዋል» ተብሎ የሚተው አይደለም። የሽንት ቱቦው ከፊተኛው የዳሌ አጥንት ሥር ነው የሚያልፈው። አጥንቱ ሲሰበር ቱቦው ሊቀደድ ይችላል፤ ሲድን ጠባሳው ያጠበዋል። ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ስፔሻሊስት ሐኪም) ጋ ውሰደው። በሽንት ቱቦው በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ተሰጥቶት ራጅ ሲነሳ የጠበበው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እየደጋገሙ ማስፋት ብዙም አያዛልቅም። ጠባሳውን ቆርጦ ቱቦውን መልሶ የሚያገናኝ ቀዶ ጥገና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአደጋው 3 ወር ገደማ በኋላ ይሠራል።

ጭራሽ አልሸና ካለው ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! ካቴተር አላልፍ ካለ ከእምብርቱ በታች በሆዱ በኩል ቱቦ ያስገቡለታል። የወንድነት ነገርም አብሮ ሊነካ ይችላል፤ ቢያፍርም ለሐኪሙ ይንገረው።